ለአንድ ቤት ብቻ የተዘጋ መስመር

ባለቤቴ ሀብተወልድ ደሞዙን በመጠጥ የሚጨርስ ሰው ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ እሰበስብበት ነበር። በራውተር ስለሆነ ግን ማንን እንደምሰበስብ አላውቅም። ራውተር ማለት በስልክ መስመር የሚመጣውን ኢንተርኔት ተቀብሎ ያለ ገመድ ለቤቱ የሚያድል ባለ አንቴና ሳጥን ነው። ጤነኛ ሰው አንድ ይገዛል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፣ ይረሳዋል። ሀብተወልድ ግን መርካቶ በሄደ ቁጥር ሰው የሰለቸውን፣ አንቴናው የተሰበረውን፣ ጽሑፉ ሁሉ ቻይንኛ የሆነውን እየለቀመ ይመጣና ምግብ ጠረጴዛው ላይ ይደረድረዋል። አንዱን ይሰካል፣ ላፕቶፑን ተሸክሞ ከመኝታ ቤት እስከ ሽንት ቤት ይዞራል፣ በየደረሰበት ቆሞ ቁጥር ያነባል፣ ተመልሶ ይነቅልና ሌላውን ይሰካል። እኔ ስልኬን ይዤ ማድ ቤት በር ላይ እንድቆም ታዝዣለሁ። ከፈተ ወይ ይለኛል፤ ከፈተ እላለሁ። ሽንኩርቱ ያራል። በ2008 ዓ.ም. ወልቂጤ ውስጥ የቅዳሜ መዝናኛችን ይኸው ነበር።

ከደብረ ታቦር ወደ ጉራጌ አገር የመጣሁት የመምህር ሚስት ሆኜ ነው። እሱ የኤሌክትሪክ መምህር ነው፤ እኔ ማዘጋጃ ቤት እሠራለሁ። መጀመሪያ ቡታጅራ ነበርን፣ ኋላ ወደ ወልቂጤ ተዛወርን። ሁለቱም ከተማ ውስጥ ሰው እንደ ሰው ቆጥሮናል፤ በተለይ እኔን፣ ምክንያቱም ከባለቤቴ ጋር ስለምኖር ያዝኑልኛል።

ጎረቤታችንን አምሀን ያዛመደን ይኸው የሀብተወልድ በሽታ ነው። አምሀ ከአጥራችን ባሻገር የሚኖር የብረታ ብረት ባለሙያ ነው፤ የሰፈሩ በርና መስኮት ግማሹ የእሱ እጅ ሥራ ነው። የአገና ልጅ ነው። ጴንጤ ስለሆነ ቢራ አይነካም፣ ጫት አይቅምም፤ ሰይጣን በዚያ በኩል መግቢያ ቢያጣ በኮምፒውተር ኳስ ገባብህ እያልኩ አበሽቀው ነበር። ስቆ ዝም ይላል እንጂ አይክድም። ከሀብተወልድ ጋር አንዴ ጆይስቲክ ከጨበጡ ሁለት ትልልቅ ሰዎች መሆናቸው ይረሳል።

መጀመሪያ እኛ ቤት እየመጣ ነበር የሚጫወተው። ከዚያ ሀብተወልድ ሁለቱን ቤት በአየር ላገናኝ ብሎ ተነሳ፤ አምሀም የማይዝግ ምሰሶ በየጣሪያው በይዶ አቆመለት። አንቴና ከአንቴና ፊት ለፊት ገጠሙ። ከእኛ የገባው ኢንተርኔት አጥር ተሻግሮ አምሀ ቤት ይገባል፤ ሁለቱም በየቤታቸው ቁጭ ብለው እርስ በርስ ይጋጠማሉ። ችግር የሆነው የአምሀ ሚስት የሩት እንሰት ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ያ ሰፊ ቅጠል ውሃ ይጠጣና ሲግናሉን ያንቀዋል። ሀብተወልድ ይህን ደርሶበት ሦስት ሳምንት ሲለካ ከቆየ በኋላ፣ ጥቂቱ ቢቆረጥ ምን ይመስልሻል ብሎ ሩትን በትሕትና ጠየቃት። ሩት ጨዋታው ይበላል ወይ አለችው። ምሰሶው እንዲረዝም ተደረገ።

አምሀ ጎበዝ ተማሪ ነበር። በራውተሩ ፊት የተደረደሩትን ትንንሽ መብራቶች እንደ ሀብተወልድ ማንበብ ቻለ። ይቺ የኮረንቲ፣ ይቺ የዋይፋይ፣ ዳር ላይ ያለችው ደግሞ የውጭ ናት፤ ኢንተርኔት ካለ አረንጓዴ ሆና ትርገበገባለች፣ ከሌለ ትቀላለች። ያን ዓመት መስመር መጥፋት ብርቅ አልነበረም። በጠፋ ቁጥር አንዱ መብራት ያያል፣ አንዱ ጣሪያ ይወጣል፣ እራት ይቀዘቅዛል። ሀብተወልድ እንግዳ ቢመጣ፣ ዝናብ ቢመጣ፣ እናቴ ብትመጣ እንኳ ብልሽት አሳድሮ አያውቅም። አምሀም ይህን ጠባዩን ከእኔ ባላነሰ ያውቀዋል።

ታኅሣሥ ላይ ሩት ለቆጮ እንሰት ለመፋቅ ወደ አገና፣ ወደ አማቷ ቤት ሄደች። የሴቶቹ ሥራ ብዙ ቀን ይፈጃል። ልጃቸው ሜሮን ቡታጅራ ቤት ተከራይታ ነርስነት ትማራለች። ስለዚህ አምሀ ብቻውን ነበር፤ ማታ ማታ እኛ ዘንድ እራቱን እየበላ ይሄዳል።

አንድ ሐሙስ ወደ አሥር ሰዓት ላይ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሙሀመድአወል፣ ሸረፋ የሚባለውን የእድሩን ጸሐፊ አስከትለው በሬን አንኳኩ። ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ነበር ሰላምታ የሰጡኝ፤ ያኔ ነገር እንዳለ ገባኝ። የአምሀ አባት አቶ ገብሬ ቀትር ላይ ዐርፈው ነበር። በሽታ አልነበራቸውም፤ ባለፈው ሳምንት ገበያ ወጥተው ነበር። ጓሯቸው ውስጥ ለአፍታ ልረፍ ብለው ተቀመጡ፣ በዚያው ቀሩ።

በእኛም በእነሱም ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር የታወቀ ነው። ሐዘንተኛው በመሸ ሰዓት አይረዳም። በስልክማ ጨርሶ አይነገርም። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ሰውዬው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው፣ ወደ ቀብር የሚወስደው መኪና፣ ሁሉም በሩ ላይ ተዘጋጅቶ ነው ቃሉ የሚነገረው። ለአምሀም እንደዚሁ ታስቦ ነበር። ሩት አገና ሆና ስልኳን እንድታጠፋ ተነግሯታል። ቡታጅራ ያሉት የሜሮን አከራዮች፣ አዲስ አበባ ያለችው የአምሀ እህት የዘነበች ጎረቤቶችም በየሰበቡ ስልካቸውን ወስደውባቸዋል፤ በአምሀ፣ በሜሮንና በዘነበች ቤት መርዶው በተመሳሳይ ሰዓት እንዲሆን ነበር። መኪናውም ተይዟል።

የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከእናቱ ርቆ የሚኖር ያሬድ የሚባል የዘነበች ልጅ፣ ዜናውን በሆነ መንገድ ሰምቶ፣ የሽማግሌውን ፎቶግራፍ «አያቴ ወደ ጌታ ሄደ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፎታል። ስልኩም አይነሳም። አምሀ ደግሞ ከሥራ ገብቶ እጁን ከታጠበ በኋላ መጀመሪያ የሚከፍተው ፌስቡክን ነው። ካርድ ሞልቶ በስልኩ ኢንተርኔት መጠቀም አይወድም፤ የሚያየው ሁሉ ከእኛ ቤት በሚሻገረው ዋይፋይ ነው።

ጋሽ ሙሀመድአወል ፌስቡክ ምን እንደሆነ በደንብ ባያውቁም ነገሩ ግን በሚገባ ገብቷቸዋል። «ልጄ፣ ባልሽ የሚረጨውን ነገር እስከ ነገ ይያዝልን» አሉኝ።

ሀብተወልድ ሲመጣ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ጫማውን ሳያወልቅ ቁጭ አለ። የራሱ እናት የሞቱ ጊዜ ቡታጅራ አዲስ መምህር ነበር። ወንድሙ ነገር የማያውቅ ሰው ነውና በስልክ መልእክት ጻፈለት። ሀብተወልድ መናኸሪያ ቆሞ፣ ድንች የያዘ ፌስታል አንጠልጥሎ አነበበው፤ ረዳቱ ትገባለህ ወይስ አትገባም እያለ ይጮህበት ነበር። የያዘው ሰው አልነበረም። ይህን ለሌላ ሰው ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፤ እኔም አንዴ ብቻ ነው የነገረኝ። አሁን ብድግ አለና፣ አምሀ በስልክ መስታወት ላይ አባቱን አያጣም፣ እኔ እያለሁ አይሆንም አለ።

የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ንቀለውና ተገላገል አልኩት። አልተስማማም። አንደኛ፣ እኛም ያሬድን በፌስቡክ እየጻፍን አውርደው ብለን መለመን ነበረብን፤ ይህ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ሁለተኛ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ባለቤቴ ሻካራ ሥራ አይወድም። የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ከፈተ፣ የአምሀን ስልክና ላፕቶፕ ለይቶ ወደ ውጭ እንዳይወጡ ዘጋባቸው። ጨዋታው ግን የሁለቱ ቤት ጉዳይ ስለሆነ አይነካም። አምሀ መስመር ጠፍቷል ብሎ ኳሱን እየተጫወተ ያመሻል፣ ይተኛል፣ ሽማግሌዎቹ ይደርሳሉ። በሐዘኑ መሐል እንኳ ሥራው እንዳማረለት ፊቱ ላይ አየሁ። አልፈረድኩበትም፤ ሰው የሚረዳው በሚያውቀው ነው።

ጀንበር ስትጠልቅ አምሀ ከወርክሾፑ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ደውሎ መስመር የለም አለ። ሀብተወልድ እኛም ዘንድ የለም ብሎ መለሰለትና ጨዋታ ጀመሩ። እኔ ሳሎኑ ጥግ ሆኜ ለያሬድ እጽፋለሁ። ሀብተወልድ ጎል ይገባበታል። ደግሞ ይገባበታል። ተከላካዮቹ ሜዳ ላይ ዝም ብለው ይቆማሉ። በሕይወቱ ለአምሀ በነፃ ጎል ሰጥቶ የማያውቅ ሰው ያን ማታ እንደ ሠርግ ምግብ አደለው።

በመሐሉ አምሀ ጆይስቲኩን ትቶ እንደ ልማዱ መጣ። የላብና የብረት ሽታ ይዞ ገባ፣ እንዴት አመሸሽ አሰጉ ብሎ በስሜ ጠርቶ ሰላም አለኝ፣ እኔም ስልኬን ጭኔ ላይ ደፋሁት። በቀጥታ ወደ ራውተሩ ሄደና ጎንበስ አለ።

የውጭዋ መብራት አረንጓዴ ነበረች። ትርገበገባለች። ይህን ሁሉ ያሰበው ባለቤቴ እሷን በጨርቅ መሸፈን አላሰበም፤ እኔም አላሰብኩም።

«መስመሩ ያለ ይመስላል» አለ አምሀ።

ሀብተወልድ ከወንበሩ አልተነሳም። ማታ ነው፣ ደክሞኛል፣ ተወው አለ። «ነገ እናየዋለን።»

አምሀ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ፤ እኔም እራት ላቅርብ ብዬ ተነሳሁ። የሆነ ነገር ሊጠይቅ ነው ብዬ ማድ ቤት ሆኜ ጆሮዬን ጣልኩ። አልጠየቀም። «እሺ፣ ነገ እናየዋለን» ብሎ ተቀመጠ። ያቀረብኩትን ሳይተው በላ፣ አመሰገነ፣ ደህና እደሩ ብሎ ሄደ። ሀብተወልድ በሩን ዘግቶ ሲመለስ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። አለፈ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ያሬድ ይቅርታ እየጠየቀ ጽሑፉን አወረደው፤ ያኔ እኔም አለፈ አልኩ።

ሊነጋጋ ሲል ሰፈሩ ጋቢውን ለብሶ አምሀ በር ላይ ተሰበሰበ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች መጥተዋል፣ ሸረፋ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁሟል። ጋሽ ሙሀመድአወል አንዴ ብቻ አንኳኩ። አምሀ ወዲያው ከፈተ፤ ለብሶ፣ ጫማውን ሳይቀር አስሮ ነበር። ሁላችንንም አየና ግቡ አለ። ወንበሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ማልዶ የሚነሳ ሰው ነው ብዬ አለፍኩት።

ጋሽ ሙሀመድአወል መርዶ ሲናገሩ ከሩቅ ነው የሚጀምሩት። ፈጣሪ ሰጪም ነሺም መሆኑን፣ ማንም በተራው እንደሚሄድ፣ ወንድ ልጅ ለቤተሰቡ ምሰሶ መሆን እንዳለበት ቀስ እያሉ ይናገራሉ። ሐዘንተኛው እንዲዘጋጅ ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው። አምሀ መሐላችን ቆሞ ዓይኑን ከአፋቸው ላይ አልነቀለም። ሀብተወልድ ከኋላው ሊይዘው እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

«አባትህ አቶ ገብሬ ትናንት ዐርፈዋል፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ።

አምሀ ዓይኑን ጨፈነ። ትከሻው ወረደ፣ ከውስጡ ረጅም አየር ወጣ። ያን ፊቱን ያየሁት ከጎኑ ስለነበርኩ ነው፤ ምን ብዬ እንደምጠራው አላወቅኩም። ድንጋጤ አልኩት። ከዚያ በኋላ ነው ሊወድቅ ያዘነበለው፤ ሀብተወልድ ደግፎ ያዘው፣ ቤቱም በለቅሶ ተናጋ። ባለቤቴ የጎረቤቱን ጭንቅላት ደረቱ ላይ አስጠግቶ አብሮት ሲያለቅስ፣ ለእናቱም ጭምር እያለቀሰ መሆኑን ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። ሁሉም እንደሚገባው ሆነ።

ቀብሩ አገና ተፈጸመ። አገሬው ወጥቶ ነበር። ሩት ድምፅዋ እስኪጠፋ አለቀሰች፣ ዘነበች ከአዲስ አበባ ደረሰች፣ ሜሮንም ከቡታጅራ መጣች። አምሀ ልጁን እንዳቀፋት አልለቅ አለ። ለቀስተኛ ሲመጣ በአንድ እጁ ይጨብጣል፣ በሌላው የሜሮንን ክንድ ይዟል። ድንኳን ውስጥም አጠገቡ አስቀምጧት አሁንም አሁንም ራሷን ይዳብሳል። አባቱን በጣም ይወድ ነበር፣ ሐዘኑ ነው አሉ ሰዎች።

ሀብተወልድ ድንኳኑ ውስጥ የተከበረ ሰው ሆኖ ሰነበተ። ጋሽ ሙሀመድአወል ለጠየቃቸው ሁሉ፣ ይህ ሰው ባይኖር መርዶው በስልክ ይበላሽ ነበር ይላሉ። እንዴት እንዳደረገው የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ሀብተወልድም ያስረዳል። ሁለቱን መሣሪያ ብቻ ለይቶ እንደዘጋ፣ ጨዋታው እንዳልተነካ፣ ዝርዝሩን ሳያስቀር ያስረዳል። አምሀ ከወዲያ ሆኖ ይሰማል። ሦስተኛው ቀን ላይ ሥራ ስላለብን ወደ ወልቂጤ እንመለስ ብለን ተነሳን፤ አምሀ ሚኒባስ ድረስ ካልሸኘኋችሁ አለ። እምቢ ብንልም አልሰማንም።

መንገድ ላይ ሆነን ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ ሀብተወልድ ያልሆነ ነገር ተናገረ። ክፉ አስቦ አይደለም። እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ቢያንስ በወጉ ሰማኸው፣ እኔ ያን ዕድል አላገኘሁም አለው።

«ሀብቴ፣ ልንገርህ፤ እንዳትቀየመኝ» አለ አምሀ። «መብራቷን አየኋት።»

ሀብተወልድ አልገባውም።

«አረንጓዴ ነበረች። እናንተ ቤት መስመር አለ፣ እኔ ዘንድ የለም። አንተ ደግሞ ተወው ነገ እናየዋለን አልክ። አንተ! ያኔ እኔን ብቻ እንደዘጋኸኝ ገባኝ። ሰው ሞቶብኛል አልኩ። ማን እንደሆነ ግን መብራቷ አትናገርም።»

«ለምን አልጠየቅከኝም ታዲያ?» አለ ሀብተወልድ።

«እኔም ከእድሩ ጋር ስንት ቤት መርዶ ሄጃለሁ። ሰዎቹ እንዴት እንደሚጨነቁ አውቃለሁ። ያን ሁሉ ለእኔ ብላችሁ ነው የለፋችሁት፤ አፍርሼ ላሳፍራችሁ አልፈለግኩም። ቤቴ ገባሁና ደወልኩ። ሩት ዝግ። ዘነበች ዝግ። ሜሮን ዝግ። አባቴ ስልክ የለውም።»

ረዳቱ ሁለት ሰው ቀረን እያለ ይጣራል። አምሀ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በሐሳቤ ሩትን ቀበርኳት። ዘነበችንም ቀበርኳት። ሜሮን ላይ ስደርስ አቃተኝ። ተንበርክኬ፣ ጌታ ሆይ፣ አባቴ ይሁን አልኩ። በስሙ ጠርቼ ለመንኩ፤ ገብሬ ይሁን፣ እሱ ብዙ ኖሯል አልኩ። እስኪነጋ ድረስ ይህንኑ ነው የጸለይኩት። ጋሽ ሙሀመድአወል ስሙን ሲጠሩ ደስ አለኝ፣ ሀብቴ። አባቴ ሞተ ሲሉኝ ደስ አለኝ።»

ከዚያ ሁለታችንንም ጉንጫችንን ስሞ፣ ሜሮን ብቻዋን ናት ብሎ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። የሀብተወልድን ክንድ ይዤ ሚኒባሱ ውስጥ አስገባሁት፤ እስከ ወልቂጤ ድረስ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ሄደ።